በኦስቲያ መንገድ ላይ የደረሰ ደብዳቤ

ጽገረዳ ደምለውን «ከእንግዲህ አትደውልልኝ» ካለችው አሥራ አንድ ቀን ሆናት። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል። አንስታ ስታየው ወይ ከፋርማሲ ነው፣ ወይ ቱሪን የምትኖረው የወይዘሮ ተብለጽ ልጅ ናት። እሱ አልደወለም። እንዳይደውል የከለከለችው ራሷ ሆና ሳለ፣ ቃሏን ማክበሩ ጭራሽ አናደዳት። «የምትለኝ ነገር ካለ ጻፍልኝ» ብላው ነበር። አልጻፈም። እሷ የምታውቀው እንደዚያ ነው።

ጽገረዳ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሮማ ከገባች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ሦስቱንም ዓመት የኖረችው ጋርባቴላ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከወይዘሮ ተብለጽ ጋር ነው። ወይዘሮ ተብለጽ አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ጣሊያን መጥተው እዚያው ያገቡ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናቸው። ባላቸው ሲኞር ብሩኖ ከሞቱ ቆይተዋል። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ሰው ካልደገፋቸው ደረጃ አይወርዱም። ጽገረዳ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች፣ ሌሊት ሲጠሯት ትነሣለች። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚታደሰውም በዚህ ቤት ኮንትራቶ፣ በሥራ ውሏ ነው። ኮንትራቶው ላይ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ዕረፍቷ እንደሆነ ተጽፏል፤ ነገር ግን ሴትዮዋ ብቻቸውን መቅረት ስለሚፈሩ ዕረፍቷንም የምታሳልፈው እዚያው ነው። በር የሚቆልፍባት የለም። ጫማዋን አጥልቃ ብድግ ስትል ግን «የት ልትሄጂ ነው፣ ልጄ?» የሚል ድምፅ ከሳሎን ይመጣል፤ ያ ድምፅ ከቁልፍ ይብስባታል።

ደምለውን ወደዚህ ቤት ያመጣው የመኪናው ኤሲ ነበር። ሲኞር ብሩኖ ትተውት የሄዱት መኪና ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። ወይዘሮ ተብለጽ አይሸጥም፣ አይለወጥም ብለው ሕንፃው ምድር ቤት ውስጥ አቁመውታል። ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት በእሱ ነው፤ የምትነዳውም ጽገረዳ ናት። ባለፈው ዓመት ሙቀቱ ሲጀምር ኤሲው ትኩስ አየር ይነፋ ጀመር። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ሴት አንድ ጎበዝ የኛ አገር መካኒክ አለ ብላ ስልኩን ሰጠቻት። ደምለው መጥቶ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ኮምፕሬሶሬው፣ ጋዙን የሚገፋው መጭመቂያ፣ ማርጀቱን፣ እንደዚህ ያለ ዕቃ አሁን እንደ ልብ እንደማይገኝ ነገራቸው። ጋዝ ሞላበት፤ ቀዘቀዘ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋዙ አልቆ ተመልሶ መጣ። እንዲህ እያለ መምጣት ለመደ።

እሱ ከኮፈኑ በአንድ በኩል፣ እሷ መብራት ይዛ በሌላ በኩል ይቆማሉ። ሲሠራ አያወራም። አንድ ቀን ብቻ «ስሚው» ብሎ እጁን አነሣ። ኮምፕሬሶሬው ሥራ ሲጀምር የሚያሰማው ቀጭን ፉጨት ነበር። ከዚያ ወዲያ ጽገረዳ ፉጨቱን ሰማሁ ብላ የምትደውልባቸው ቀናት በዙ። አንዳንዴ እውነትም ሰምታ ነው፤ አንዳንዴ ምንም አልሰማችም። እሱም ያውቃል፤ ያም ሆኖ የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ ይመጣል። በየካቲት ብርድ፣ ኤሲ የሚፈልግ ሰው በሌለበት ወቅት፣ «ኤሲው አስቸገረኝ» ብላ ደወለችለት። መጣ። ኮፈኑን ሳይከፍት ፊት ለፊቷ ቆሞ ብዙ አያት። እጇን የያዛት ያን ዕለት ነው።

ታዲያ በሰኔ መጨረሻ ቦሎኛ ያለ አንድ ትልቅ ጋራዥ ቋሚ ሥራ ሊሰጠው መሆኑን ነገራትና አብረን እንሂድ አላት። እሷ ፔርሜሶዋን፣ ኮንትራቶዋን፣ የሴትዮዋን ብቸኝነት እየዘረዘረች መለሰችለት። ደምለው ንግግር አይሆንለትም። «አንቺ እኮ እዚያ ቤት ሠራተኛ አይደለሽም፣ እስረኛ ነሽ» አላት። ቃሉ ልቧን ወጋው። እውነት ባይሆን ኖሮ እንደዚያ አያማትም ነበር። አትደውልልኝ ያለችው ያኔ ነው። ደረጃውን ስትወጣ ተከትሎ እንዲጠራት በልቧ ትለምን ነበር፤ አልጠራትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እሁድ ጠዋት፣ ወይዘሮ ተብለጽ ኦስቲያ ውሰጂኝ አሉ። ጽገረዳ ገረማት። ባሕር ካዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤት ውስጥ እንኳ ከወንበር ወደ ወንበር መሄድ ይከብዳቸዋል። ደግሞም ሰሞኑን ጠባያቸው ተለውጦባታል። ሌሊት አይጠሯትም፤ ምግቡን ሁሉ ጣፈጠኝ ይላሉ፤ አንድ ቀን ሳይታሰብ የሐር ሻርፓቸውን አውጥተው አንገቷ ላይ ጣሉላት። ዓይን ለዓይን ግን አያዩአትም።

ለምን ኦስቲያ አሰኛቸው ብላ ስትጠይቃቸው፣ «አንቺ ባሕሩን እንድታዪ ነው። ፊትሽ ጠቁሯል» አሏት።

በባቡር ቢሆን ሩቅ አልነበረም፤ የጣቢያውን ደረጃ ግን ጉልበታቸው አይችለውም። በመኪናው ወጡ።

ኦስቲያ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መንገዱ ቆመ። ፊት ለፊት ካለው የጥድ ደን ጥቁር ጭስ ይወጣ ነበር። እሳት ስለተነሣ ፖሊስ መንገዱን ዘግቷል አሉ ከጎን ያሉት ሾፌሮች። ከኋላም መኪናው ተደርድሮ መመለሻ ጠፋ። በስተቀኝ ወይዘሮ ተብለጽ በተቀመጡበት በኩል የመንገዱ ዳር የብረት አጥር በሩን ታክኮ ቆሟል፤ በስተግራ አንድ ነጭ የዕቃ መኪና አለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ነፋሱ ጭሱን ወደነሱ አመጣውና ሴትዮዋ ማሳል ሲጀምሩ ጽገረዳ መስኮቶቹን ዘጋች። ከዚያ የኤሲውን መክፈቻ ልትጫን እጇን ስትዘረጋ ወይዘሮ ተብለጽ እጇን ያዙት።

«መስኮቱን ብንከፍተው አይሻልም?» አሉ።

ጭሱ እንደሚያፍናቸው ነገረቻቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ አንድ ነገር ሊሉ ፈለጉ። ከዚያ ከንፈራቸውን ገጠሙና እጇን ለቀቁት። ጽገረዳ ተጫነችው።

ጥቂት ደቂቃ ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ፉጨቱ መጣ፤ ፉጨቱ ወደ መፍጨት ተለወጠ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ጧ ብሎ ተበጠሰና ክሩስኮቱ፣ ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ፣ ላይ ቀይ መብራቶች ተራ በተራ በሩ። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው ነበር። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚገፋውም ያው ቺንጋ ስለሆነ ሙቀት መለኪያው ዓይኗ እያየ ወደ ላይ ሄደ። ሞተሩን አጠፋችው። ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ የቀረው ሙቀትና የሁለቱ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

መስኮቶቹን መልሳ ብትከፍትም ከውጭ የሚገባው አየር የእሳት አየር ነበር። የወይዘሮ ተብለጽ ፊት በላብ ርሶ ከንፈራቸው ነጣ። የዕቃ መኪናው ሾፌር በመስኮት የውሃ ጠርሙስ አቀበላት፤ ከራሷ አንገት ሻርፑን ፈትታ አርሳ ግንባራቸው ላይ አደረገችላቸው። ፍርሃቷ ወደ ንዴት ተለወጠና ንዴቷ ሌላ ሰው አላገኘም፤ እዚያ በሌለው ሰው ላይ ወረደ።

«ያውቅ ነበር» አለች። «ይኼ ነገር እንደሚቆም ከኔም ከእርስዎም በላይ የሚያውቅ እሱ ነው። ለኔስ አይዘን፤ ለእርስዎ እንኳ ብሎ ኤሲውን አትክፈቱ የሚል አንድ ቃል ጣል አድርጎ ቢሄድ ምን ነበረበት? ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል?»

ወይዘሮ ተብለጽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ነግሮኛል» አሉ።

ጽገረዳ ሙቀቱ ያስቀባዠራቸው መሰላትና ውሃውን አፋቸው ላይ አስጠጋች። ጠርሙሱን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ማክሰኞ ዕለት አንቺ ፋርማሲ ሳለሽ መጥቶ ነበር። መኪናውን አየ። ኤሲውን በፍጹም እንዳትከፍቱ፣ ኮምፕሬሶሬው ሊደርቅ ነው፣ ሲቆም ቺንጋውን ይበጥሰዋል አለኝ። ለአንቺ የሚሰጥ ደብዳቤም አስቀመጠ።»

«ደብዳቤ?»

«ደብዳቤ።»

«እና ቅድም ስከፍተው…»

«አየሁሽ። ዝም አልኩ። ነግሮኛል ብልሽ መቼ መጣ ትይኛለሽ። መቼ መጣ ካልሽ ደብዳቤው ይወጣል።» ቦርሳቸውን ከፍተው ከመድኃኒቶቹ ሥር አንድ ፖስታ አወጡ። ተቀዶ ነበር። «ከፍቼዋለሁ፣ ልጄ። አንደኛውን ገጽ አነበብኩና ቦሎኛ የሚለውን ሳይ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሁለተኛውን አላየሁትም።»

ጽገረዳ ወረቀቶቹን ተቀበለች። የደምለውን እጅ ጽሑፍ አይታው አታውቅም ነበር። እንደ ተማሪ የተጠነቀቀ፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የቆመ ነበር። አንደኛው ገጽ አምስት ወረቀት ቀድዶ ስድስተኛው ላይ እየጻፈ መሆኑን፣ ሥራው ቦሎኛ ሰኞ እንደሚጀምር፣ ያለ እሷ የሄደበት ከተማ ሁሉ ጎኑ ባዶ እንደሚሆን ይናገራል። ሁለተኛውን ገጽ ለምን ጮክ ብላ እንዳነበበችው ኋላም አልገባትም። ምናልባት ሴትዮዋን ልትቀጣቸው ፈልጋ ይሆናል።

«እስረኛ ነሽ ስላልኩሽ ይቅር በይኝ። ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የስደተኞች መጠለያ በነበርኩ ጊዜ በሩ ክፍት ነበር። የምሄድበት ሰው ስላልነበረኝ ግን ስድስት ወር ሙሉ ከዚያ በር ርቄ አልሄድኩም። በር ክፍት ሆኖ መውጣት ሲያቅት አውቀዋለሁ። ልነግርሽ የፈለግሁት ይህንን ነበር፤ አፌ አበላሸው።

«እማማ ተብለጽን ጥለሻቸው ነይ አልልሽም። ጥለሽ የምትመጪ ሰው ብትሆኚ እኔም አልወድሽም ነበር። ፔርሜሶሽ ኅዳር ላይ እስኪታደስ እጠብቃለሁ። እሳቸው የሚሆናቸው ሰው እስኪያገኙም እጠብቃለሁ። እኔ የምፈልገው የምጠብቀው ሰው እንዳለኝ ማወቅ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ መልስሽን ካላገኘሁ ግን አይሆንም ማለትሽ ነው፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ አላስቸግርሽም።»

አንብባ ስትጨርስ ወይዘሮ ተብለጽ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነበር። «እኔን ጥለሽ ነይ አላለም?» አሉ በጣቶቻቸው መሐል።

ጽገረዳ በሩን ከፍታ ወጣች። አስፋልቱ ከጫማዋ ሥር ይፋጃል። በመኪኖቹ መሐል እየተሽሎከለከች ወደ ኋላ፣ ወደ ሮማ አቅጣጫ መሄድ ጀመረች። የት እንደምትሄድ አታውቅም። ዓርብ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኗል። እሷ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጨካኝ ስትለው የነበረው ሰው ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ስልኩን እያየ ተቀምጦ ነበር። ሦስት ዓመት ገላቸውን ያጠበችላቸው፣ ስትታመም እናቴ ያለቻቸው ሴት ናቸው ይህን ያደረጉት። ጩኺ ጩኺ አሰኛት።

ሠላሳ እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ አንድ ነገር አስተዋለች። ማንም አልጠራትም። የት ልትሄጂ ነው የሚል ድምፅ ከኋላዋ አልመጣም። ዞር ብላ አየች። ወይዘሮ ተብለጽ በአጥሩና በመኪናው መሐል ተጣብቀው፣ በሩን መክፈት እንደማይችሉ እያወቁ፣ ወደፊት ወደ ጭሱ እያዩ ተቀምጠዋል። ሊጠሯት አልፈለጉም። ጽገረዳ መሄድ ትችል ነበር። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

ተመለሰች። በሾፌሩ በር በኩል ገብታ ወገባቸውን አቅፋ፣ እግራቸውን በማርሹ ላይ አሳልፋ፣ ቀስ በቀስ ጎትታ አወጣቻቸው። የዕቃ መኪናው ሾፌር አግዟት በዕቃ መኪናው ጥላ ሥር አንድ ባዶ ሳጥን ላይ አስቀመጡአቸው። ውሃ እየጠጡ ቀለማቸው ሲመለስ፣ ሳትጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። ልጃቸው ካዛ ዲ ሪፖዞ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ መርጣ እንደጨረሰች፣ ጽገረዳ ከሄደች እዚያ እንደሚገቡ ከፋሲካ ጀምሮ ነግራቸዋለች።

«በልጅነቴ ለትምህርት ሰው ቤት ተጠግቼ አደግሁ፤ በእርጅናዬም ሰው ቤት መሆን ፈራሁ» አሉ። «ሌላ ምክንያት የለኝም። አሁን ሄደሽ ቢሆን ኖሮ አልፈርድብሽም ነበር።»

ጽገረዳ ሻርፑን ደግማ እያረሰች ነበር።

«ይቅርታ ዛሬ አልችልም፣ እማማ» አለች። «ጊዜ ይስጡኝ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ ሴትዮዋ በቀጭን ድምፅ። «እሱን ግን አታስጠብቂው። ደውዪለት።»

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ። ሲያነሣው ሃሎ አላለም፤ «ጽጌ?» ብቻ አለ፤ ያየውን ስም ያላመነ ሰው ድምፅ ነበር።

«ደብዳቤህ አሁን ደረሰኝ» አለችው።

«አሁን?»

«አሁን። የኦስቲያ መንገድ ላይ ነን። እሳት ተነሥቶ መንገዱ ተዘግቷል። ኮምፕሬሶሬው ደርቆ ቺንጋው ተበጥሷል።»

ምን ሊል እንደሚችል ሁሉ አሰበች። ነግሬ አልነበር ሊል ይችላል፤ ደብዳቤውን ማን ያዘው ሊል ይችላል።

«እማማስ?» አለ። «ደህና ናቸው?»

ጽገረዳ አፏን በእጇ ጋረደች። ከዚያ አዎ አለችው። ደምለው ጥላ ውስጥ አስቀምጪያቸው፣ እግራቸውን ከፍ አድርጊ፣ ውሃውን በትንሽ በትንሹ ስጪአቸው፣ ሞተሩን ዳግም እንዳታስነሺ እያለ ነገራት፤ እሷ ግን ከሚለው ይልቅ ድምፁን ነበር የምታዳምጠው። ወይዘሮ ተብለጽ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ለመኑአት። ሰጠቻቸው።

«ደምለው፣ ልጄ» አሉ። «ደብዳቤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም ነበር።»

ሴትዮዋ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው አጎነበሱ።

«ውሃውን ይጠጡ፣ እማማ» አላቸው።

ስልኩን መልሰው ለጽገረዳ ሲሰጡ እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ጥቂት ራቅ ብላ የመንገዱ ዳር አጥር ላይ ተደገፈች።

«ቦሎኛ ገብተሃል?»

«ትናንት። ነገ ሥራ እጀምራለሁ።» ከዚያ ፈጠን ብሎ፣ «ግን ዛሬውኑ መመለስ እችላለሁ» አለ።

«አትመለስ። ሥራህን ጀምር። አሎራ፣ እንግዲህ ስማኝ፣ ሳላለቅስ ልናገር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ዛሬ አልመጣም። ነገም አልመጣም። ኅዳር ላይ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ፔርሜሶዬ እዚያው ቢሮ ነው፣ ኮንትራቶዬ እዚያው ቤት ነው፣ እሳቸውንም እንዲሁ አልጥላቸውም። ምንም የተፈታ ነገር የለም፣ ደምለው። ግን የምትጠብቀው ሰው አለህ። ማክሰኞ ደብዳቤው ቢደርሰኝ ማክሰኞ ይህንኑ ነበር የምመልስልህ።»

የቦሎኛ መንገድ ጫጫታ፣ ያልፍ የነበረ አውቶቡስ፣ ከዚያ የተሰበረ ትንፋሽ ሰማች። ንግግር የማይሆንለት ሰው እያለቀሰ ነበር።

ከጀርባዋ ወይዘሮ ተብለጽ በራሳቸው ስልክ በጣሊያንኛ ሲናገሩ ሰማች። ከልጃቸው ጋር ነበር። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልጅቷ ሐሙስና እሁድ ከቤት እንደምትወጣ፣ በእነዚያ ቀናት ሌላ ሰው እንዲፈለግ፣ ካልተገኘም ብቻቸውን እንደሚሆኑ ይናገሩ ነበር። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን አላቋረጡም። ጽገረዳ ዞር ብላ አላየቻቸውም። ገና ልታያቸው አልቻለችም።

«አለህ?» አለች ወደ ስልኩ።

«አለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ብዙ አልተናገሩም። ስልኩን ግን የዘጋ አልነበረም። ፀሐይዋ አልበረደችም፤ ጭሱም ከደኑ ላይ አልተነሣም። ኅዳር ገና ሩቅ ነው፤ ማታ ያቺኑ አራተኛ ፎቅ ትወጣለች፤ ሌሊት ሲጠሯት ትነሣለች። ከፊት ያሉት ሾፌሮች ፖሊሱ መንገዱን ሊከፍት ነው እያሉ ወደየመኪናቸው ይሯሯጡ ጀመር። ጽገረዳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ዓይኗን ጨፈነች፤ ትንሽ ደቂቃ፣ ትንሽ ደቂቃ ብቻ፣ መንገዱ እንዳይከፈት ተመኘች።